ላም በገንዘብ ወይስ ላም በርቢ

ከደብረ ብርሃን ሜዳ ተነሥቶ እስከ ጎረቤላና እስከ አንኮበር አፋፍ በሚዘልቀው በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ አዲስ ጎጆ የወጣ ሰው የመጀመሪያውን ገብሱን ከአውድማ ካስገባ በኋላ ቀድሞ የሚመኘው ነገር ከደጁ ላም ማሰር ነው፤ ላም የሌለበት ቤት ለሕፃኑ ወተት፣ ለወጡ ቅቤ፣ ለምድጃው ኩበት፣ ለነገ እርሻውም በሬ የሚሆን ወይፈን የለውምና። ላም የሚገኝበት መንገድ ግን አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛው መንገድ ጥሪትን አራግፎ ወይም ብድር ገብቶ ከገበያ መግዛት ነው። ሁለተኛው መንገድ በርቢ መያዝ ነው፤ ይኸውም ላሟ የባለቤቷ ሀብት እንደ ሆነች ቀርታ፣ ጠባቂው እያበላና እያጠጣ ወተቷንና እበቷን እንዲጠቀም፣ የምትወልደውን ግን ከባለቤቷ ጋራ እንዲካፈል በሽማግሌ ፊት የሚደረግ ውል ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ሳያመነታ የሚሰጠው መልስ «የራስ የራስ ነው፤ ገንዘብ ካለህ ግዛ» የሚል ነው። ይህ መልስ የላሟን ዋጋ ገበያ ላይ ከተቈጠረው ብር ጋራ አንድ አድርጎ ስለሚያይ ጎደሎ ነው። ለላም የሚከፈለው ትልቁ ዋጋ ከገበያ ከተመለሱ በኋላ የሚከፈለው ነው፤ እርሱም ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አንደኛው በየቀኑ የምትበላው መኖ፣ ሁለተኛው በድንገት የሞተች እንደ ሆነ ጉዳቱን የሚሸከመው ትከሻ ነው። ስለዚህ ልግዛ ወይስ በርቢ ልያዝ ብሎ የሚያወጣና የሚያወርድ ሰው፣ ገንዘብ አለኝን ከማለቱ በፊት ድርቆሽ አለኝን፣ ላሟ ብትሞትስ ቤቴ ይቆማልን ብሎ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

በመጀመሪያ መኖውን እንመልከት። ከብት በቀን የሚያስፈልገው ደረቅ መኖ ከሰውነቱ ክብደት ከመቶ 2.5 እስከ 3 ያህል መሆኑ በእንስሳት ርባታ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። የደጋው የአገር ላም 250 ኪሎ ግራም ብትመዝን በቀን ከ6 እስከ 7 ተኩል ኪሎ፣ በዓመት ከ22 እስከ 27 ኩንታል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት፣ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ የሚወርድባት አገር ናት፤ ሣሩ በክረምት በረባዳው ሜዳ ላይ በብዛት ይበቅላል፣ በዘመነ ጽጌ ይጎመራል፣ በጥቅምትና በኅዳር ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሜዳው በብርድና በጥርስ ተላጭቶ መሬቱ ይታያል። የበልግ ዝናብ የመጣ እንደ ሆነ ጥቂት ያበቅላል፤ የቀረ እንደ ሆነ ግን እስከ ሐምሌ ድረስ ላሟ የምትኖረው በገብስና በስንዴ ገለባ፣ በባቄላ ጭድና በተከመረው ድርቆሽ ብቻ ነው። በጥቅምት ሣሩ እንደ ልብ በሆነበት ወራት ተደስቶ ላም የገዛ ሰው፣ ግንቦት ላይ የላሟን ጎድን እየቈጠረ ሲጨነቅ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የመኖ እጥረት የሚያመጣው ጉዳት ላሟን በማክሳት ብቻ አይፈጸምም። የተራበች ላም ኮርማ አትፈልግም፤ ኮርማ ያልፈለገች አትፀንስም፤ ስለዚህ ምንም እንኳ የእርግዝናዋ ወራት ዘጠኝ ብቻ ቢሆን፣ በደጋው ያለችው የአገር ላም በተለመደው አያያዝ የምትወልደው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ነው። ወተቷም ጥጃዋ ከጠባ በኋላ ለቤት የሚተርፈው በቀን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ያህል ሲሆን፣ ከስድስትና ከሰባት ወር በኋላ ትነጥፋለች። እንግዲህ ድርቆሽና ገለባ የሌለው ሰው ላም ቢገዛ ገንዘቡን፣ በርቢ ቢይዝ የሰው አደራ ያጠፋል፤ እንዲህ ላለው ሰው መልሱ አስቀድሞ የመኖ ክምር ማበጀት ነው።

ድርቆሽ ኖሮት ገንዘብ ለሌለው ሰው ግን ርቢ የተከፈተ በር ነው። በዚህ ውል ከላም የሚገኘው በረከት በሁለት ይከፈላል፤ በየቀኑ የሚገኘው ለጠባቂው፣ በየዓመታቱ የሚገኘው ለሁለቱም ይሆናል። ወተቱ፣ ቅቤውና አይቡ የጠባቂው ነው። እበቱም የጠባቂው ነው፤ ይህም በሌላ አገር ላለ አንባቢ ጥቂት መስሎ ቢታየውም በደብረ ብርሃን ዙሪያ ጥቂት አይደለም። ዛፍ በጠፋበት በዚያ ደጋ፣ ባሕር ዛፍ ተተክሎ እንኳ፣ የምድጃው ማገዶ በአብዛኛው ኩበት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሴቶችና ልጆች በየማለዳው እበቱን ከበረት ይሰበስባሉ፤ ከገለባ ብናኝ ጋራ በእግርና በእጅ ያሹታል፤ እንደ እንጀራ ክብ አድርገው እየጠፈጠፉ በግንብ ላይ ወይም በተላጨ ሣር ላይ ያሰጡታል፤ አንድ ፊቱ ሲጠና ያገላብጡታል፤ ፈጽሞ ሲደርቅ በደጅ ይከምሩትና የክረምት ዝናብ እንዳይገባበት ክምሩን በእበት ይለስኑታል። የተረፈው በአህያ ተጭኖ ከተማ ይሸጣል። የዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ማእከል በ1970ዎቹ ዓ.ም. በባሶና ወራና ወረዳ ገበሬዎች መካከል ያካሄደው ጥናትም ይህንኑ አረጋግጧል፤ በዚያ ደጋ የገበሬው የጥሬ ገንዘብ ገቢ በአብዛኛው የሚመጣው ከከብት፣ ከበግና ከኩበት ሲሆን፣ እህሉ በይበልጥ ለቤት ቀለብ የሚውል ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ በርቢ የያዘ ሰው ላሟ በነጠፈችበት ወራት እንኳ ባዶ እጁን አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የጥጃው ድርሻ ነው፤ በዚህም ርቢ ድኃውን ወደ ባለሀብትነት የሚያወጣ መሰላል ሆኖ ይገኛል። የአከፋፈሉ ልማድ እንደየውሉ ቢለያይም የተለመደው እኩሌታ ነው፤ ወይ አንዱ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን ጥጃ ይወስዳሉ፣ ወይም ያንኑ አንዱን ጥጃ በጋራ አሳድገው ሲሸጥ ገንዘቡን ይካፈላሉ። ስሌቱ እንዲህ ነው። ላሟ በየሁለት ዓመቱ ብትወልድ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጥጃ ትሰጣለች፤ ከሁለቱ አንዱ ለጠባቂው ይደርሰዋል። ድርሻው ሴት ብትሆንለት፣ ያች ጥጃ በአገሬው አያያዝ አድጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልደው ዕድሜዋ አራት ዓመት ገደማ ሲሆን ነው። ስለዚህ ከባዶ በረት የተነሣ ሰው የገዛ ራሱን ላም የሚያልበው፣ ዕድል ብትከተለው፣ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ቈይቶ ነው። ድርሻው ወንድ ቢሆን ደግሞ ወይፈኑ አድጎ በሬ ይሆናል፤ አንድ በሬ ያለውም ሰው ከሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋራ በመቀናጆ ጥማድ አበጅቶ እየተፈራረቀ ያርሳል። መንገዱ ረጅም መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቤቱ ወተትና ማገዶ ሳያጣ፣ ዕዳም ሳይገባ የሚሄድበት መንገድ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዋጋ፣ ወደ ሞት፣ እንምጣ። አባ ሰንጋና አባ ጎርባ ሳይታሰቡ የሚገቡ ደዌዎች ናቸው፤ ውኃ በሚተኛበት ረባዳ ሜዳ የጉበት ትል አለ፤ በአንኮበር ገደል ያዳለጣት ላም ተመልሳ አትነሣም። የላም ሞት የማን ጉዳት ይሁን የሚለው ጥያቄ እጅግ የቈየ ነው። በኦሪት ዘጸአት በ22ኛው ምዕራፍ የተጻፈው ሥርዐት ነገሩን በጥንቃቄ ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ እንስሳ ለመጠበቅ በአደራ የተቀበለ ሰው፣ እንስሳው በገዛ ሞቱ ቢሞት በመሐላ ይነጻል፤ አውሬ ቢሰብረው የተሰበረውን አምጥቶ ምስክር ያደርጋል፣ ዕዳም የለበትም። ለራሱ ጥቅም የተዋሰ ሰው ግን ባለቤቱ በሌለበት ቢሞትበት ይከፍላል። የኛም ፍትሐ ነገሥት ለትውስትና ለአደራ የየራሳቸውን አንቀጽ ሰጥቷል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣውም የፍትሐ ብሔር ሕግ ኪራይን፣ ትውስትንና አደራን እየለየ ደንግጓል።

ርቢ ከእነዚህ ከሦስቱ ከአንዱም ጋራ ፈጽሞ አንድ አይደለም፤ ጠባቂው እንደ ተዋሰ ሰው ይጠቀማል፣ እንደ አደራ ተቀባይ ግን ከሞት ዕዳ ነፃ ይሆናል። ላሟ ያለ ጥፋቱ የሞተች እንደ ሆነ ወዲያው ለባለቤቷ ይልካል፣ ቆዳዋንም ያሳያል፤ ቆዳው ላሟ ተሸጣ ወይም ታርዳ እንዳልተበላች ምስክር ነው። ይህ ሥርዐት የኛ ብቻ አለመሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1804 ባወጡት የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው ከብትን በድርሻ ስለ ማርባት ሲደነግጉ፣ ወተቱን፣ ፍጉንና የከብቱን ጉልበት ጠባቂው ብቻውን እንዲጠቀም፣ ሱፉንና የሚወለደውን ግን ሁለቱ እንዲካፈሉ፣ ከብቱም ሁሉ ባልታሰበ አደጋ ያለቀ እንደ ሆነ ጠባቂው ከዕዳ ነፃ ሆኖ ስለ ቆዳው ግን መልስ እንዲሰጥ ወስነዋል። የማይተዋወቁ ሁለት ሕዝቦች በአንድ ፍርድ ላይ መገናኘታቸው ፍርዱ ከነገሩ ባሕርይ የመነጨ ለመሆኑ ማስረጃ ነው፤ የቀን ድካም ያለበት የቀኑን ፍሬ ይብላ፣ ሀብቱ የሆነለትም የሀብቱን ጉዳት ይሸከም የሚል ፍርድ ነውና።

ይህን ከመግዛት ጋራ ስናስተያየው ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በገዛ ጥሪቱ የገዛ ሰው ላሟ ብትሞት ጥሪቱን ያጣል፤ በብድር የገዛ ሰው ግን ላሟን ያጣል፣ ዕዳውም ከእርሷ ጋራ አይሞትም። የሞተች ላም ዕዳ ሌላ በግ፣ ሌላ እህል፣ አንዳንድ ጊዜም ያለውን አንድ በሬ ያሸጣል። በርቢ የያዘ ሰው ድካሙንና ተስፋውን ያጣል እንጂ የነበረውን አያጣም። ስለዚህ አንዲት ላም ብቻ ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ ያለው፣ ከዚያ ሌላ ምንም የሌለው ሰው፣ ላም ከመግዛቱ በፊት ደጋግሞ ሊያስብ ይገባዋል፤ ያንን ገንዘብ ለክፉ ቀን አኑሮ ወይም ጥቂት የመንዝ በጎች ገዝቶበት፣ ላሟን በርቢ ቢይዝ አንድ ሞት ሁለመናውን አይወስድበትም።

እርግጥ ነው፣ ርቢ የሚያድነው ከተራው አደጋ እንጂ አገርን ከሚያጠፋ መቅሠፍት አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ከገባው ከብት ተነሥቶ እስከ ሸዋና ከዚያም ወዲያ የተዛመተው የከብት እልቂት፣ ገዝቶ ያሰረውንም፣ ለሰው አስጠብቆ ከየመንደሩ የበተነውንም ባለሀብት እኩል ባዶ አስቀርቷል፤ ክፉ ቀን ተብሎ የሚጠራው ያ ዘመን በሬ ያጣው ሕዝብ በእጁ መሬት የቈፈረበት፣ በአንጎለላ ተወልደው በአንኮበር የሸዋን ዙፋን የያዙት ዳግማዊ ምኒልክም ለሕዝቡ አርአያ ሊሆኑ ራሳቸው ዶማ ያነሡበት ዘመን ነው። እልቂቱን ያመጣው ደዌ በክትባት ብርታት ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል። ከእርሱ የምንማረው ግን ውል የሚያከፋፍለው ጉዳትን መሆኑን፣ ጉዳትን የሚያስቀረው ግን ክትባትና እንክብካቤ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ የላም ውል ሲዋዋሉ የክትባቱንና የሐኪሙን ክፍያ ማን እንደሚችል መወሰን ከድርሻው ያነሰ ነገር አይደለም።

እስካሁን በጠባቂው ዓይን ተመለከትን፤ በባለቤቷም ዓይን መመልከት ይገባል። ላሙን በርቢ የሚሰጠው ባለጸጋ ብቻ አይደለም። ባልዋ የሞተባት፣ ልጆቿ ወደ ከተማ የሄዱባት መበለት እረኛ ስለሌላት ትሰጣለች፤ ያረጀ ሰው ጉልበቱ ስለ ደከመ ይሰጣል፤ ከተማ የገባ ሠራተኛ ወይም ነጋዴ ከአባቱ የወረሳትን ላም ለዘመዱ ይተዋል። ለእነዚህ ሰዎች ርቢ ሀብት ከእጃቸው ሳይወጣ የሚጠበቅበት ዘዴ ነው። ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለምና፣ ከዓይን የራቀች ላም መውለዷም መጨንገፏም የሚታወቀው በጠባቂው ቃል ብቻ ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለውም ምሳሌ ይህን ክፍተት የሚሞላው ህሊና መሆኑን የሚያስታውስ ነው። ህሊናን የሚረዳው ደግሞ ግልጽ ውል ነው፤ የላሟ መልክና ዕድሜ፣ የውሉ ዘመን፣ የጥጃው ድርሻ፣ የመድኃኒቱ ክፍያ፣ የመሸጥ ሥልጣን የማን እንደ ሆነ በሁለት ሦስት ምስክር ፊት ቢነገር፣ ቢቻልም ቢጻፍ፣ ብዙ ጠብ ከመነሣቱ በፊት ይቀራል።

ጠባቂውንም የሚያስፈራው ነገር አለ። በክረምትና በበጋ አብልቶ ያወፈራት ላም፣ ልክ ጥገት በሆነችበት ወራት ባለቤቷ መጥቶ «ላሜን» ሊለው ይችላል። ባለቤቷ ባይወስዳትም ጠባቂው እርሷን ሸጦ ለችግሩ ማዋል፣ ወይም በእርሷ ላይ ተማምኖ የረጅም ዘመን ሥራ መጀመር አይችልም። የውሉ ዘመን ቢያንስ ሁለት ወሊድ እንዲሆን የምንመክረው ስለዚህ ነው፤ በአንድ ወሊድ የሚፈርስ ውል ጠባቂውን ወጪ አስወጥቶ ድርሻውን የሚያስቀር ነውና።

ይህ ሁሉ የተነገረው ስለ አገር ላም ነው። የዲቃላ ላም ነገር ሌላ ነው፤ በርቢ ሕግ መዳኘቷም አስቸጋሪ ነው። ዲቃላዋ በደኅና አያያዝ በቀን ከስምንት እስከ አሥር ሊትርና ከዚያም በላይ ታልባለች፤ ነገር ግን ክብደቷ ከአገሬዋ ላም እጥፍ ሊጠጋ ስለሚችል ቀለቧም በዚያው ልክ ነው፤ እርሱም በአብዛኛው ከሜዳ የሚታጨድ ሣር ሳይሆን በገንዘብ የሚገዛ ፉርሽካ፣ ፋጉሎና ከደብረ ብርሃን የቢራ ፋብሪካዎች የሚወጣው አተላ ነው። በጥንቱ ርቢ ጠባቂው የሚያወጣው ጉልበትና የሜዳ ሣር ስለ ነበረ ወተቱ ለድካሙ በቂ ካሣ ነበር። አሁን መኖውን ጠባቂው ከኪሱ እየገዛ ጥጃውን እኩል ያካፍል ቢባል ፍርድ ይጓደላል፤ መኖውን ባለቤቱ እየገዛ ወተቱን ጠባቂው ይውሰድ ቢባልም እንዲሁ። ስለዚህ ዲቃላ ላም በድርሻ የሚይዙ ሰዎች መኖውንም ወተቱንም በሚዛን መካፈል ይኖርባቸዋል፤ ይህም የጥንቱን ርቢ ትቶ ወደ ንግድ ማኅበር መግባት ነው።

በዲቃላ ላም ላይ የተለየ ክብደት ያለው ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ጾም ነው። በሰሜን ሸዋም ሆነ ወተቱ በሚጫንላት በአዲስ አበባ፣ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናትና በሌሎቹም አጽዋማት የብዙ ሰው ገበታ ከወተት ይለያል፤ የወተት ገበያም ይቀዘቅዛል። የአገር ላም ያላት ሴት ያችን ጥቂት ወተት አጠራቅማ፣ ንጣ፣ ቅቤ አድርጋ እስከ ፋሲካ ታኖራለች፤ ቅቤ ይቈያልና። አሥር ሊትር ጥሬ ወተት ግን ቀን አይሰጥም፤ ላሟም ጾም ነው ተብሎ መብላቷን አትተውም። ስለዚህ ዲቃላ ላም ለመግዛት የሚያስብ ሰው የጾሙን ወራት ወጪ የሚችልበት ተጠባባቂ ገንዘብ፣ ወይም ወተቱን የሚረከበው ማኅበር አስቀድሞ ሊያዘጋጅ ይገባዋል።

ከብትን ከሌለው ጋራ መካፈል በሌሎችም ሕዝቦች ዘንድ በልዩ ልዩ መልክ ይገኛል። የቦረና ኦሮሞ ከብት ያለቀበትን ወገን በ«ቡሳ ጎኖፋ» ሥርዐት አዋጥቶ እንደገና ያቋቁማል። የሩዋንዳ መንግሥትም በ1998 ዓ.ም. «ጊሪንካ» ብሎ በጀመረው ዕቅድ ለየድኃው ቤት አንዲት ላም እየሰጠ፣ ተቀባዩ የመጀመሪያዪቱን ሴት ጥጃ ለሌላ ችግረኛ ጎረቤት እንዲያስተላልፍ አድርጓል። በዚያ ጥጃዪቱ የምትሄደው ወደ ሌላ ድኃ ሲሆን በኛ ርቢ ግን ወደ ባለቤቷ ነው፤ በሁለቱም ግን ለድኃው ቤት መነሻ የሆነው ሌላ ሰው ቀድሞ ያሳደጋት ላም ናት።

እንግዲህ ነገሩን ሁሉ ስንሰበስበው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ድርቆሽና ገለባ የሌለው ሰው አይግዛ፣ በርቢም አይያዝ፤ አስቀድሞ መኖ ያበጅ። መኖና ጉልበት ኖሮት ገንዘብ የሌለው፣ ወይም ያለው ገንዘብ ለአንዲት ላም ብቻ የሚበቃ ሰው በርቢ ይያዝ፤ የሚደርሰውን ጥጃ ሳይሸጥ ያሳድግ፤ ከብት መጠበቅንም የሌላ ሰው ሀብት በታማኝነት ሲጠብቅ ይማር። መኖ ያለው፣ ላሟ ብትሞትም ቤቱ የማይፈርስበት ሰው ይግዛ። ከገዢ ሁሉ ይልቅ ጠንቅቆ መመርመር ያለበት ደግሞ ዲቃላ የሚገዛው ነው። ርቢን የድኃ ሰው መጨረሻ አማራጭ አድርጎ መናቅ ስሕተት ነው፤ ባንክና ዋስትና በማይደርሱበት መንደር ጉልበት ያለውን ሀብት ካለው ጋራ አገናኝቶ ሁለቱንም ሲያኖር የቈየ፣ ሞት ሲመጣም ጉዳቱን መሸከም ለሚችለው የሚያሸክም ሕግ ነው። ዛሬ ለድኃ ገበሬ ላም እናበድር የሚሉ ድርጅቶች ሁሉ ውላቸውን ከመጻፋቸው በፊት ከዚህ ሕግ አንድ ነገር ቢወስዱ ይበጃቸዋል፤ ላሟ ስትሞት ዕዳዋም በተበዳሪው ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳይቀር ማድረግን።